ግማሽ ላይ የሚቆም ፎርዋርድ ሉፕ እንዴት ተስተካከለ

ፎርዋርድ ሉፕ በዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ ባለው ቦርድ ውሃ ላይ በመንሸራተት ስፖርት፣ ከነቦርዱና ከነሸራው አየር ላይ ወደ ፊት የመገልበጥ ዝላይ ነው። ችግሩ ይህ ነበር፦ ቦርዱ ይነሳል፣ መዞር ይጀምራል፣ ግማሽ ላይ ቀጥ ይልና ጀርባ ውሃውን ይመታል። ጥፋቱ የኋላ እጅ፣ ማለትም ሸራውን በቦርዱ ጅራት በኩል የሚይዘው እጅ፣ ነው። አየር ላይ ፍርሃት ሲመጣ ክንድ ይዘረጋል፣ ሸራው ይከፈታል፣ የሚያዞረው ኃይል ይጠፋል።

የሠራው መፍትሄ ከዝላዩ በፊት ይጀምራል። የሃርነሱን (ሰውነትን ከሸራው ጋር የሚያያይዘውን ቀበቶ) መንጠቆ ፍቱና የኋላ እጃችሁን በቡሙ (በሸራው የእጅ መያዣ ዘንግ) ላይ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አንሸራትቱ። ፍጥነት ሳይቀንስ የቦርዱን አፍንጫ (የፊት ጫፍ) ነፋሱ ወደሚሄድበት አዙሩ። ጉልበት የማይደርስ ሞገድ ይበቃል፤ ከፍታ ፍለጋ እዚህ ላይ ትርፉ ድካም ነው።

ቦርዱ ውሃውን እንደለቀቀ የፊት ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የሸራውን ምሰሶ ወደ ፊትና ወደ ነፋሱ መምጫ ወርውሩ። የኋላ እጅ ወደ ዳሌ ይሳብ፣ ዓይን በኋላ ትከሻ በኩል ወደ ኋላ ይመልከት፣ ጉልበት ወደ ደረት ይሰብሰብ። ቦርዱ ውሃ እስኪነካ ቡሙን አትልቀቁ።

አፍንጫው ውሃ ውስጥ ከተሰካ ምሰሶው የተወረወረው ቦርዱ ሳይነሳ ነው። ሄልሜትና የመከላከያ ሰደርያ ይለበስ። ጥልቀቱ ከምሰሶው ርዝመት፣ ማለትም ከ4 ሜትር ገደማ፣ ካነሰ ቦታ ቀይሩ።