የ«ሰይጣን ቤት»ን ወሬ ለመሰብሰብ ስትወጡ

ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ስናልፍ አክስቴ እጄን ጨብጣ «በስመ አብ» እያለች ታማትብ ነበር። እዚያ ድሮ «ሰይጣን ቤት» የሚባል ሲኒማ ነበረ። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው። ማንም ስለሞተበት አይደለም። በጨለማ ክፍል፣ ጨርቅ ላይ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ታየ። የሰይጣን ሥራ ካልሆነ ታዲያ የማን ሊሆን ነው?

የአሮጌ ቴአትር ቤቶችን የመንፈስ ወሬ መሰብሰብ ካማራችሁ፣ «እዚህ ሰይጣን አለ ይባላል?» ብላችሁ አትጠይቁ። እኔ አንድ ዘበኛ እንደዚያ ብዬ ጠይቄ «ጤና የለህም እንዴ?» ተብዬ ተመልሻለሁ። በሌላ ቀን ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ይዤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሄድኩ። «ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ እንዴት ያድራሉ?» አልኳቸው። ከዚያ እኔ ዝም አልኩ። የእሳቸው አፍ ተከፈተ፦ ከመድረኩ ጀርባ የእግር ኮቴ፣ ማንም ሳይነካው የሚታጠፍ ወንበር፣ ፊቷ የማይታይ ነጠላ የለበሰች ሴት። ሻዩ አለቀ፣ ወሬው አላለቀም። ስልክ አውጥታችሁ እንዳትቀርጹ፤ ወዲያው ነው የሚደርቀው።

ቀጥሎ ቤቱን ራሱን አዳምጡ። ቀን ፀሐይ ያጋለውን ቆርቆሮ የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ያኮማትረዋል። ያኔ ጣራው ይንጣጣል። ሳንቃውም ይንቋቋል። ኮቴ የሚመስለው አብዛኛው ይኸው ነው። ድመትም አትርሱ። ይህን ግን ለዘበኛው አትንገሩ፣ ምን አስቸኮላችሁ?

ዓመት ሲጠራ ጠንቀቅ በሉ። ተራኪ ሁሉ ነገሩን ወደ ጣሊያን ዘመን መውሰድ ይወዳል። «በ1929 ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የሞተች ተዋናይ» ብሎ ከነገራችሁ፣ እንዴት ሆኖ? ቤቱን ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ ቢጀምረውም ተጠናቅቆ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር ግን ዕድሜው ይቀድማል፤ የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ ወረራው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። እውነተኞቹን ሙታን ግን ከወሬው ጋር አልቀላቅላቸውም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረው ጭፍጨፋ ሦስት ቀን ዘለቀ። ደብተሬ ላይ እነሱ ሌላ ገጽ አላቸው። ልጅ ማስፈራሪያ አይሆኑም።

ተራኪዎቹን ደግሞ ፒያሳ ብቻ አትፈልጓቸው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ጎረቤቶቼ ተበትነዋል፣ ብዙዎቹ አዲሱ ሰፈራቸው ገላን ጉራ ናቸው። ስትሄዱ ስኳርና ቡና ያዙ፣ አቦል ላይም አትቸኩሉ። ደህናው ወሬ የሚመጣው በረካ ላይ ነው።

ባለፈው እዚያው ገላን ጉራ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ስለዚያች ባለነጠላ ሴት ሲያጫውቱኝ አመሹ። ስኒው ሲነሳ «እማማ፣ እዚህስ የሚታይ ነገር የለም?» አልኳቸው።

«እዚህ?» አሉ። «ማንን ያውቃል ብለህ ይመጣል?»