ከርቀት እየሠሩ ዱባይ ውስጥ ቤት በዓመት ውል ለመከራየት

ዱባይ ውስጥ የቤት ኪራይ የሚነገረው በወር ሳይሆን በዓመት ነው። ማስታወቂያ ላይ 80,000 ድርሃም የሚል ካዩ የ12 ወር ዋጋ ነው ማለት ነው። ክፍያውም እንደየስምምነቱ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ቼክ ሆኖ፣ የወደፊት ቀን ተጽፎበት፣ ውል ሲፈረም በአንድ ላይ ለአከራዩ ይሰጣል። ደመወዙ ከሌላ አገር ለሚመጣለት ሰው ዋናው እንቅፋት ይኼ ነው። ቼክ የሚሰጠው ባንክ ነው፤ ባንኩ የኤምሬትስ መታወቂያ ይጠይቃል፤ መታወቂያው ደግሞ ያለ መኖሪያ ፈቃድ አይገኝም። ስለዚህ ቤት ከመፈለግዎ በፊት ቪዛውን ይጨርሱ።

ከርቀት ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ የአንድ ዓመት ሲሆን ሊታደስ ይችላል። ቀጣሪዎ ከኤምሬትስ ውጭ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ቢያንስ 3,500 ዶላር የወር ገቢ እና አገሩ ውስጥ የሚሠራ የጤና መድን ያስፈልጋል። ከዚያ የጤና ምርመራ፣ አሻራ፣ መታወቂያ ይከተላል። ይህ እስኪያልቅ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ በወር ይያዙ። ውድ ነው፤ ግን በቱሪስት ቪዛ የዓመት ውል ከመፈረም ይሻላል። ፈቃዱ ባይሳካ ውሉ አብሮ አይፈርስልዎትም።

ባንኩ ሒሳብ ቢከፍትልዎትም የቼክ ደብተር ወዲያው ላይሰጥ ይችላል፤ የአገር ውስጥ ቀጣሪ ለሌለው ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠነቀቃል። ደብተሩ ካልደረሰ አንዱ መንገድ የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ በባንክ በተረጋገጠ ቼክ መክፈል ነው። አቅሙ ካለዎት ይህንኑ ለድርድር ይጠቀሙበት። አከራዮች ባነሰ ቼክ ለሚከፍል ሰው ዋጋ ይቀንሳሉ፤ በብዙ ቼክ የሚከፍል ደግሞ ይጨመርበታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዕቃ የሌለው፣ በዓመት 80,000 ድርሃም የሚከራይ አንድ መኝታ ቤት በአራት ቼክ ወሰዱ እንበል። የመጀመሪያው ቼክ 20,000 ነው። መያዣ በተለመደው አሠራር የዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ፣ ማለትም 4,000 (ዕቃ የተሟላለት ቢሆን 10 በመቶ)። የደላላ ኮሚሽን 5 በመቶ ከነቫቱ 4,200። የመብራትና የውሃ መሥሪያ ቤቱ ዴዋ ለአፓርታማ 2,000 ድርሃም ተመላሽ መያዣ ይወስዳል፤ ለማስገቢያ ደግሞ 130 ያህል። የውል ምዝገባው ኢጃሪ 220 አካባቢ ነው። ሲደመር ገና ሳይገቡ 30,550 ድርሃም ገደማ፣ በዶላር ከ8,300 በላይ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላም አለ፦ የዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ የቤት ክፍያ ተብሎ ለ12 ተከፍሎ በየወሩ ከዴዋ ቢል ጋር ይመጣል። በዚህ ምሳሌ በወር 333 ድርሃም ነው። የመጀመሪያውን ቢል ሲያዩ መብራቱ እንዲህ ተወደደ እንዴ ብለው እንዳይደነግጡ።

የአየር ማቀዝቀዣውን (ኤሲውን) ነገር ለይተው ይጠይቁ። በአንዳንድ ሕንፃ ኤሲው በራስዎ መብራት ይሠራል፤ በሌላው ቀዝቃዛ ውሃ ከማዕከል ያመጣል፤ ለዚያም የተለየ ኩባንያ፣ የተለየ መያዣ፣ የተለየ ወርሃዊ ቢል አለ። ወጪውን አከራዩ የሚሸፍን ከሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ። ኪራዩ ርካሽ መስሎ ማቀዝቀዣው በበጋ ልዩነቱን ሁሉ ሊበላው ይችላል።

ቤቱን ሲያዩ በጠራራ ፀሐይ ይሂዱ። ኤሲውን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ የሚንጫጫ ወይም ክፍሉን የማያቀዘቅዝ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። በመስኮት ውጭ ይመልከቱ። አጠገቡ ግንባታ ካለ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ለሚውል ሰው ቤቱ አይሆንም። ለአሜሪካ ቀጣሪ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ዱባይ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ነው፤ ሥራዎ ሌሊት ስለሚሆን ጠዋት የሚተኙበት ክፍል ፀጥታ ከሳሎኑ ስፋት ይበልጣል።

ኢንተርኔት የሚያቀርቡት ኢትሳላት (አሁን e&) እና ዱ ናቸው። የትኛው ሕንፃው ውስጥ እንደሚሠራ ዘበኛውን ወይም ጎረቤቱን ሳይጠይቁ አይፈርሙ፤ ምርጫ የሌለባቸው ሕንፃዎች አሉ። የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ በአገሩ ታግዷል። ዙምና ቲምስ ይሠራሉ። ቀጣሪዎ የሚጠቀምበትን መገናኛ በወር በተከራዩት ቤት እያሉ ይሞክሩት። ለቢሮ ሥራ የቀጣሪዎን ቪፒኤን መጠቀም ችግር የለውም፤ በቪፒኤን የታገደ ነገር መክፈት ግን ከባድ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት የቤቱን ባለቤት ያጣሩ። ማጭበርበር የሚፈጸመው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ማስታወቂያው የፈቃድ ቁጥርና የሚቃኝ ኮድ ሊኖረው ይገባል፤ ኮዱን ሲቃኙ የሚወጣው ቤትና ዋጋ ከማስታወቂያው ጋር መግጠም አለበት። ደላላውን የምዝገባ ካርድ ይጠይቁና ዱባይ ሬስት በተባለው የመሬት መሥሪያ ቤቱ መተግበሪያ ላይ ይፈትሹት። ቀጥሎ የቤቱን ካርታ እና የባለቤቱን ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ኮፒ ይቀበሉ፤ ስሞቹ አንድ መሆን አለባቸው። የሚፈርመው ሌላ ሰው ከሆነ ውክልናውን ይዩ፤ የማከራየትና ኪራይ የመቀበል ሥልጣን የሚሰጥ መሆኑንም ያንብቡ። “ዛሬ ቀብድ ካላስያዝክ ሌላ ሰው ይወስደዋል” የሚለው ግፊት ካርታ ሳያሳዩ ከመጣ ይተዉት።

ቼኩን በካርታው ላይ ባለው ስም ብቻ ይጻፉ። ኪራይና መያዣ በደላላ ስም አይጻፍም፤ ለደላላው የሚከፈለው ኮሚሽኑ ብቻ ነው፣ እሱም በድርጅቱ ስም። በፊደልና በቁጥር የተጻፈው መጠን አንድ ይሁን፤ ፊርማዎ ባንክ ካስመዘገቡት ጋር ይመሳሰል። እያንዳንዱን ቼክ ፎቶ አንሥተው፣ የቼክ ቁጥሮቹ የተዘረዘሩበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ከውጭ የሚመጣ ደመወዝ አንዳንዴ ስለሚዘገይ በቼኩ ላይ የሚጻፈው ቀን ደመወዝዎ ከሚገባበት ቀን አንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ እንዲሆን ይደራደሩ። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ እንደ ቀድሞው በቀጥታ ወንጀል አይሆንም፤ ሆኖም ቼኩን የተቀበለው ሰው በቀጥታ ወደ ፍርድ አፈጻጸም ሊሄድ ይችላል።

ውሉን ሲያነቡ አንድ አንቀጽ ከሁሉ በላይ ይፈልጉ፦ ተከራዩ ከጊዜው በፊት የሚወጣበት። ሕጉ ለተከራይ በመሃል የመውጣት መብት አይሰጥም፤ ውሉ ካልፈቀደ አከራዩ የዓመቱን ኪራይ ሊጠይቅ ይችላል። የሁለት ወር ማስታወቂያና የሁለት ወር ኪራይ ቅጣት የተለመደ ስምምነት ነው፤ ከውሉ ጋር በሚያያዘው ተጨማሪ ጽሑፍ ላይ በግልጽ ያስጽፉት። ሥራቸው በአንድ ኢሜይል ሊቋረጥ ለሚችል ሰዎች ይህ ከኪራይ ቅናሽ የበለጠ ዋጋ አለው። ጥገናን በሚመለከት ውሉ ሌላ ካላለ ኃላፊነቱ የአከራዩ ነው።

ከፊርማ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል አይዛነፍም። መጀመሪያ ውሉ በኢጃሪ ይመዘገባል። በኢጃሪው ቁጥር ዴዋ ይከፈታል፤ ለዚህ ዘጠኝ አኃዝ ያለው የቤቱ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ በዋናው በር አጠገብ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ቀጥሎ ከሕንፃው አስተዳደር የመግቢያ ፈቃድ ይወሰዳል፤ ያለሱ ዘበኞቹ ሶፋ አያሳልፉም። ቁልፍ በተቀበሉበት ቀን እያንዳንዱን ጭረት፣ ሻጋታና የተሰበረ እጀታ በቪዲዮ ቀርጸው ለአከራዩ በኢሜይል ይላኩ።

የሰው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል የሚይዙ ከሆነ ዋናው ተከራይ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይዞ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ አሳልፎ ማከራየት ሁለታችሁንም ያስወጣል። ስምዎ በነዋሪነት ይመዝገብ። በጂፕሰም ተከፋፍሎ የተሠራ ክፍል ሕገወጥ ነውና ርካሽ ቢሆንም ይለፉት፤ ፍተሻ ሲመጣ የሚባረረው ተከራዩ ነው።

ውሉ ሊያልቅ ሲል ዋጋ ወይም ሌላ ነገር መቀየር የሚፈልግ ወገን ከ90 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። የጭማሪው ጣሪያም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ደንብ የታወቀ ነው፦ ኪራይዎ ከአካባቢው ገበያ እስከ 10 በመቶ ካነሰ ጭማሪ የለም፣ ከ11 እስከ 20 በመቶ ካነሰ ጭማሪው እስከ 5 በመቶ፣ እያለ ከ40 በላይ ለሚያንሰው 20 በመቶ ይደርሳል። ስሌቱን በመሬት መሥሪያ ቤቱ የኪራይ ማውጫ ላይ ራስዎ አውጥተው ለአከራዩ ያሳዩት። ቤቱን ልሸጠው ነው ወይም ልኖርበት ነው ብሎ ለማስወጣት የ12 ወር ማስታወቂያ በኖተሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) ወይም በተመዘገበ ፖስታ መስጠት ግዴታው ነው፤ የዋትስአፕ መልእክት አይቆጠርም። ካልተስማማችሁ የኪራይ ክርክር ማዕከል አለ። ክፍያው በመደበኛው የዓመቱ ኪራይ 3.5 በመቶ፣ ቢያንስ 500 ድርሃም ሲሆን ኢጃሪ ይጠየቃል።

ሲለቁ ቀለሙን ቀብተው፣ ቤቱን አጽድተው፣ የዴዋን የመጨረሻ ቢል ዘግተው ቁልፉን በፊርማ ያስረክቡ። የባንክ ሒሳብዎን ግን የቤቱና የዴዋ መያዣ እስኪመለስልዎት አይዝጉ።