ቴሌግራም ራሱ ይጠይቃችሁ

ከቴሌግራም የጥናት ቻናሎች ፒዲኤፍ እያወረዱ ማከማቸት ማጥናት የሚመስለው ብዙ ነው። ስልኩ ይሞላል፤ ፈተና ላይ ግን የሚታወስ የለም።

ይህን ሞክሩ። ካነበባችሁት ምዕራፍ አንድ ጥያቄ አውጡና «ሴቭድ መሴጅስ» በሚባለው፣ ለራሳችሁ ብቻ በምትጽፉበት ቦታ አስፍሩት። መልሱን ከሥሩ ጻፉ፤ ከዚያ መልሱን ብቻ መርጣችሁ ከጽሑፍ ቅርጽ አማራጮች «ስፖይለር» የሚለውን ንኩ። እስክትነኩት ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል። ወዲያው ግን አትላኩት። የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ስትቆዩ ቀንና ሰዓት የምትቀጥሩበት አማራጭ ይመጣል፤ አንዱን ለነገ፣ ያንኑ ደግሞ ለሳምንት ቅጠሩት።

ለምን ይሠራል? ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የትውስታ ጥናት፣ በቀናት ተከፋፍሎ የተደጋገመ ነገር በአንድ ጊዜ ከተጨናነቀው የተሻለ እንደሚያዝ አሳይቷል። በዚያ ላይ መልሱን ከራስ ፈልጎ ማውጣት ደግሞ ደጋግሞ ከማንበብ ይበልጣል። ስለዚህ ሽፋኑን ከመንካታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ መልሱ። ይህችን ከዘለላችኋት ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ለትርጓሜ፣ ለዓመተ ምሕረት፣ ለባዮሎጂ ስያሜዎች ግሩም ነው። ለሒሳብና ለፊዚክስ ስሌት ግን አይሆንም፤ እነዚያ እስክሪብቶና ወረቀት ይፈልጋሉ። የእግር ኳስ ቻናሎችንም ድምፅ አስቀድማችሁ ዝጉ፤ አለዚያ ለአንድ ጥያቄ የከፈታችሁት ስልክ ስለ አርሴናል ክርክር ውስጥ ይጥላችኋል።