በአርማ 3 የራስን ተልዕኮ ማዘጋጀት

ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆሞ ጅማን ቁልቁል ያየ ሰው፣ ከፍታ የያዘ ወገን ሌላውን ቀድሞ እንደሚያይ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። አርማ 3 በተባለው የውትድርና የኮምፒውተር ጨዋታ የራሱን ተልዕኮ ለመሥራት ለሚነሣ ጀማሪም የማስቀድመው ምክር ይኸው ነው፤ አንድም ወታደር ሳያስቀምጥ መሬቱን ይመርምር። በ2016 እ.ኤ.አ. በጨዋታው ላይ የተጨመረው የተልዕኮ መሥሪያ፣ ኤደን ኤዲተር፣ በመልክዓ ምድሩ ላይ እየተዘዋወሩ መሥራትን ስለሚፈቅድ፣ ተጫዋቹ በሚነሣበት ቦታ እስከ ሰው ቁመት ዝቅ ብሎ ዒላማው ከዚያ ይታይ እንደሆነ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ለመጀመሪያ ሥራ 270 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሰፋው የአልቲስ ካርታ ይልቅ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ስትራቲስ ይሻላል።

ቀጥሎ የተልዕኮው ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ለምሳሌ «አንድ ቡድን ጎሕ ሳይቀድ መንደሩን ከጠላት ያስለቅቃል» ይባል። ይህን ዓረፍተ ነገር የማያገለግል ታንክም ሆነ ሄሊኮፕተር ካርታው ላይ ቦታ የለውም።

ወታደሮቹ ከተቀመጡ በኋላ ቡድኑን መርጦ፣ ሺፍትን ተጭኖ መሬቱን በቀኝ ጠቅታ መንካት የጉዞ ነጥብ፣ ማለትም ዌይፖይንት ያስቀምጣል። ጠባቂዎች ዙሪያውን እንዲመላለሱ ከተፈለገ የመጨረሻው ዌይፖይንት ዓይነት «ሳይክል» ይደረጋል። ሳይክል ቡድኑን የሚመልሰው በአቅራቢያው ወዳለው ነጥብ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ነጥብ አጠገብ ካልተቀመጠ ጠባቂዎቹ የዙሩን ግማሽ ብቻ ሲመላለሱ ይታያሉ።

የሥራው ልብ ግን ትሪገር ነው። ትሪገር በካርታው ላይ የተከለለ ቦታ ሲሆን፣ የተሰጠው ሁኔታ ሲሟላ አንድ ነገር እንዲፈጸም ያደርጋል። መንደሩን የማስለቀቁ ተልዕኮ እንዲጠናቀቅ፣ ብዙ ሰው ትሪገሩን መንደሩ ላይ ዘርግቶ «ኦፕፎር የለም»፣ ማለትም የጠላት ወገን የለም፣ በሚለው ይሞላዋል። እኔም የመጀመሪያ ተልዕኮዬን እንዲሁ ሠርቼ ለሰፈር ጓደኞቼ ሰጠሁ፤ እነርሱም መንደሩን ሁሉ ካጸዱ በኋላ፣ አንድ ቤት ጥግ ተኝቶ የቀረ አንድ ወታደር ሲፈልጉ ግማሽ ሰዓት ባከነ። መፍትሔው ትሪገሩን «ኦፕፎር አለ» በሚለው ሞልቶ፣ በሁኔታው ሳጥን ውስጥ በክልሉ ያሉት ከሦስት ሲያንሱ እንዲሠራ የሚያደርግ አጭር ትእዛዝ መጻፍ ነው። በዚያው መስኮት ያሉትን ሁለት የጊዜ ምርጫዎች መለየትም ያስፈልጋል፦ «ካውንትዳውን» አንዴ ከጀመረ ሁኔታው ቢቀየርም ቆጠራውን ይጨርሳል፤ «ታይምአውት» ግን ሁኔታው እስከ መጨረሻው ጸንቶ ካልቆየ ይሰረዛል። ቦታን ይዞ መቆየት ለሚጠይቅ ተልዕኮ ሁለተኛው ይመረጣል።

ተጫዋቹ የሚያነበው ግዳጅ በሞጁሎች፣ ማለትም ካርታው ላይ በሚቀመጡ ዝግጁ መሣሪያዎች፣ ይሠራል። ግዳጁን የሚፈጥረው ሞጁል ከተጫዋቹ ጋር ይያያዛል፤ የግዳጁን ውጤት የሚቀይረው ሞጁል ደግሞ ከዚሁ ከፈጣሪው ሞጁልም ከትሪገሩም ጋር ይያያዛል። ግዳጁ አልሳካ ሲል መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ማያያዣ መስመር ነው።

ተልዕኮውን የሠራው ሰው ጠላት የት እንዳለ ስለሚያውቅ ደስታው ቶሎ ያልቅበታል። ስለዚህ ለጥቂት ወታደሮች የመገኘት ዕድላቸውን ከመቶ በመቶ ዝቅ ማድረግና የሚነሡበትን ቦታ በተወሰነ ራዲየስ ማስፋት ይገባል፤ ያን ጊዜ በየጨዋታው መንደሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ተጫውቶ መሞከርና ማስቀመጥ ግድ ነው፤ እንደ እኛ ከተማ መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት ቦታ ደግሞ በየደረጃው ቁጥር እየሰጡ ለየብቻ ማስቀመጥ ያልተነካ ቅጂ እንዲኖር ያደርጋል። ለጓደኛ በፍላሽ ሲሰጥ ሙሉው ፎልደር ይገለበጣል፤ በስሙ መጨረሻ ከነጥብ ቀጥሎ ያለው የካርታው ስም ግን መነካት የለበትም፤ ከተቀየረ ጨዋታው ተልዕኮውን በትክክለኛው ካርታ ላይ አይከፍተውም። ሞድ፣ ማለትም በጨዋታው ላይ የሚጫን ተጨማሪ ነገር፣ ተጠቅመው ከሆነ ተቀባዩም ያንኑ ሞድ መጫን ስላለበት፣ የሞዶቹ ስም ዝርዝር አብሮ ይሰጠው።