ያገለገለ መኪና ከጨረታ ለመግዛት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው

መኪና ጨረታ ላይ የሚረክሰው ሻጩ ቸር ስለሆነ አይደለም። ዋስትና የለም፣ ብዙ ጊዜ ነድቶ መሞከር አይፈቀድም፣ ከተከፈለ በኋላም መመለስ አይቻልም። «ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» የምትለው አጭር ሐረግ ይህን ሁሉ ትሸከማለች። ስለዚህ የገዢው ሥራ ማየት የሚቻለውን አገላብጦ ማየት፣ ማየት ላልቻለው ደግሞ ከዋጋው ላይ መቀነስ ነው።

1. መጀመሪያ ሻጩ ማን እንደሆነ ይወቁ

የድርጅት ወይም የመሥሪያ ቤት መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰርቪሱ በወቅቱ ይደረግለታል። በብድር ዕዳ የተያዘ መኪና ላይ ይጠንቀቁ፤ ወርሃዊ ክፍያ ያቃተው ባለቤት ዘይት መቀየሩንም ሳይተወው አይቀርም። ኢንሹራንስ ካሳ ከፍሎ የተረከበው ግጭት የደረሰበት መኪና ለባለ ጋራዥ እንጂ ለጀማሪ አይሆንም።

ከዚያ የጨረታውን ሰነድ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ማስያዣው ስንት ነው? ካሸነፉ በኋላ በስንት ቀን ይከፈላል? በአሸናፊው ዋጋ ላይ የሚጨመር የአጫራች ክፍያና ግብር አለ ወይ? መኪናውን በጊዜው ካላነሡ በየቀኑ የሚቆጠር የማቆሚያ ኪራይስ? ብዙ ጀማሪ የሚደነግጠው መኪናው ሲበላሽ ሳይሆን ይህን ሒሳብ ሲያየው ነው።

2. በመመልከቻው ቀን ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱ

በተቻለ መጠን መካኒክ ይዘው ይሂዱ። እንደደረሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያድርጉ። ሞቆ ካገኙት አንድ ሰው ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ በብርዱ የማይነሣ ሞተር እንዲህ ይደበቃል። ሳይነሣ በፊት የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። (አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይም በእርጥበት ምክንያት ጥቂት ይታያል፤ የራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ግን ሰበቡ አያሳምንም።)

ሲነሣ ከኋላ ይቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው፤ አንዳንዴ በቀላሉ ይስተካከላል። ነጭ እንፋሎት በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ ችግር የለውም፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግን የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ይጠርጠሩ፣ ያም ርካሽ ጥገና አይደለም።

የሻንሲ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። በአሁኑ ደረጃ የተሠሩ መኪኖች ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ዜሮንና አንድን ከመሳሰሉ አኃዞች ጋር እንዳይምታቱ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ አይ፣ ኦ እና ኪው፣ አይገቡበትም። ከእነዚህ አንዱን ካዩ፣ ወይም ቁጥሩ አጠገብ የተፈቀፈቀ ወይም የተበየደ ምልክት ካለ፣ ሳይከራከሩ ወደ ሌላው መኪና ይሂዱ።

ከአካሉ ይልቅ ክፍተቱን ይዩ። በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው መስመር ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ከሆነ፣ ወይም የፓራፋንጎው ብሎኖች ራስ ቀለሙ ከተላጠ፣ እዚያ ቦታ ተሠርቷል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ይሞክሩት፤ ላሜራውን ይዞ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ ይላላል። አልሙኒየምና ፕላስቲክ ላይ ግን አይሠራም።

ጎርፍ የገባበትን መኪና ለማወቅ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡት። መቀመጫውን ማጠብ ይቻላል፤ ተጠቅልሎ የሚውለውን የቀበቶ ጫፍ ግን የሚያስታውስ የለም፤ የጭቃ መስመሩ እዚያ ይቀራል። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ሽቶው የሚያውድ መኪና አግኝቼ «ባለቤቱ ንጹሕ ሰው ነው» ብዬ ነበር። ምንጣፉን ያነሣሁት ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ ጥፋቱን ለመደበቅ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የጥፋት ኮዶች የሚያነብ መሣሪያ) ካለዎት ይሰኩት፤ «ጥፋት የለም» ብሎ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች አልተጠናቀቁም ካለ፣ ወይ ባትሪው ተነቅሎ ነበር ወይ አንድ ሰው ኮዶቹን በቅርቡ ደምስሷቸዋል።

ጎማ ላይ ብዙ አይዘግዩ። በጎኑ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ነው፣ ዓመቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

3. ዋጋዎን ቤትዎ ቁጭ ብለው ይወስኑ

ተመሳሳይ መኪና ገበያ ላይ 100 ያወጣል እንበል። ከዚህ ላይ የአጫራች ክፍያና ግብር 12፣ በዓይን የታየው ጥገና 15፣ ማጓጓዣና የስም ማዛወሪያ 3 ይቀነሱ። ቀጥሎ ሰው የሚረሳው ይመጣል፤ ላላዩት ነገር 15። መኪናው ተነድቶ ስላልተሞከረ ካምቢዮው፣ መሪውና ፍሬኑ በምን ሁኔታ እንዳሉ አያውቁም፤ ቁልፍ ከሌለው ወይም ካልተነሣ ይህን ቁጥር ያሳድጉት። የቀረው 55 የእርስዎ ጣሪያ ነው። በዚህ ዋጋ ብዙ ጊዜ አያሸንፉም፤ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ መመለስ የዚህ ገበያ ጠባይ ነው።

4. የጨረታው ዕለት

አንድ ጊዜ ሳይጫረቱ ዝም ብለው ተመልክተው ይመለሱ። የመኪናው ዓይነት በስንት እንደሚዘጋ፣ ነጋዴዎቹ የት ላይ እንደሚያቆሙ ያያሉ። ሠርቶ አትርፎ የሚሸጥ ነጋዴ ካቆመበት ብዙ አልፎ የሚሄድ ሰው፣ ወይ ነጋዴው ያላወቀውን ያውቃል፣ ወይ እልህ ይዞታል። እልህ ደግሞ ምላጭ ያስውጣል።

በድምፅ በሚካሄድ ጨረታ ጣሪያዎን ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ ሲደርስ እጅዎን ያውርዱ። በታሸገ ፖስታ ከሆነ ግን ተፎካካሪን ማየት ስለሌለ፣ ድፍን ቁጥር ከመጻፍ ከድፍኑ ጥቂት ጨመር ያለ ቁጥር ይጻፉ፤ ሌላው ሰው 50,000 ሲጽፍ 50,350 የጻፈ ያሸንፋል። ሻጩ አስቀድሞ የያዘው ዝቅተኛ ዋጋ ካለ ደግሞ ከፍተኛውን ሰጥተውም ላይሸጥልዎ ይችላል፤ ይህን ከሰነዱ ያረጋግጡ።

5. ካሸነፉ

በቀኑ ይክፈሉ፣ ደረሰኝና የባለቤትነት ሰነዱን ሳይቀበሉ መኪናውን አያንቀሳቅሱ፣ ኢንሹራንስም ይግቡለት። የሚቻል ከሆነ ተጭኖ እንጂ ተነድቶ አይውጣ። ጋራዥ ሲደርስ የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮና የፍሬን ዘይት ይቀየሩ። ሞተሩ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማማ ቀበቶ) የሚጠቀም ከሆነና መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ ደኅና ቢመስልም ያስቀይሩት። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊወዳደር ይችላል።