ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፦ የተበላሸ የኔትወርክ ሴቲንግ እንዴት ይመለሳል?

ኢንተርኔት እምቢ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ወዳለው «ኔትወርክ ሪሴት» ነው። ችግሩን ሊፈታ ይችላል። ግን የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችን፣ በእጅ የገቡ አድራሻዎችንና አንዳንዴም ቪፒኤኑን አብሮ ጠርጎ ይሄዳል፤ ጥፋቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ወይም ሳይጠፋ የቀረ አንድ ቁልፍ ነው። መስመሩ የት ላይ እንደተቆረጠ ሳይታወቅ ሪሴት ማድረግ አይመከርም።

ከሁሉ በፊት የስልክዎን ሞባይል ዳታ አጥፍተው ከዚያው ዋይፋይ ጋር ያገናኙት። ስልኩም ካልሠራ ኮምፒውተሩን አይንኩት። ራውተሩን ከሶኬት ነቅለው 30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ መልሰው ሲሰኩት እስኪነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሱት። አሁንም ከሌለ ጉዳዩ የራውተሩ ወይም የአገልግሎት ሰጪው ነው። ስልኩ ሠርቶ ኮምፒውተሩ ብቻ እምቢ ካለ ግን ወደሚቀጥለው ይለፉ።

የተቆረጠበትን ቦታ ማግኘት

ስታርት ሜኑ ላይ «ሲኤምዲ» ብለው ይፈልጉና ኮማንድ ፕሮምፕትን ራይት ክሊክ አድርገው «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሚለው ይክፈቱ። ከዚህ በታች ያሉት ትእዛዞች በድምፃቸው ቢጻፉም ኪቦርድ ላይ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ከስላሽ በፊት አንድ ክፍተት ይተዉ፤ ስላሹም ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው እንጂ ባክስላሽ አይደለም።

«አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል» ብለው ኢንተር ይምቱ (አይፒኮንፊግ በአይ፣ ፒ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ ያለ ክፍተት ይጻፋል)። ከሚዘረገፈው ጽሑፍ ውስጥ የሚፈለጉት ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው፦ አይፒቪ4 አድራሻ (የኮምፒውተሩ የራሱ ቁጥር፣ ባጭሩ አይፒ)፣ ዲፎልት ጌትዌይ (ይህ የራውተሩ አድራሻ ነው) እና ዲኤንኤስ ሰርቨር (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው)። ቀጥለው በቅደም ተከተል ፒንግ ያድርጉ፣ ማለትም «ፒንግ» ብለው ክፍተት ትተው አድራሻውን ይጻፉ፤ አድራሻው ይመልስ እንደሆነ ያሳያል፦ መጀመሪያ የጌትዌዩን ቁጥር፣ ከዚያ 8.8.8.8 (የጉግል ዲኤንኤስ ሰርቨር)፣ በመጨረሻ የአንድ የታወቀ ድረ ገጽ ስም።

ጌትዌዩ ካልመለሰ ችግሩ በኮምፒውተሩና በራውተሩ መካከል ነው። ጌትዌዩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ የተሳሳተ ጌትዌይ፣ ቪፒኤን ወይም ፋየርዎል ይጠርጠር። ሁለቱ መልሰው ስሙ ብቻ ካልተገኘ ዲኤንኤስ ነው። ሦስቱም መልሰው ብሮውዘሩ ብቻ ካልከፈተ ከፕሮክሲ (ብሮውዘሩ ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ በመካከል ከሚያልፍበት አገናኝ) ይጀምሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፒንግ «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» ሲል መልስ እንደተቀበለ ይቆጥረውና ከታች «0% ሎስ» ብሎ ይጽፋል። መስመሩ ላይ በ«ኤምኤስ» (ሚሊሰከንድ) የተጻፈ ጊዜ ከሌለ የተፈለገው አድራሻ አልመለሰም።

አይፒው በ169.254 ይጀምራል

ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ ስላላገኘ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው፤ በዚህ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት አይወጣም። «አይፒኮንፊግ ስላሽ ሪሊዝ»፣ ቀጥሎ «አይፒኮንፊግ ስላሽ ሪኒው» ይበሉ። ካልተቀየረ የዋይፋዩን ስም «ፎርጌት» አድርገው የይለፍ ቃሉን እንደገና ያስገቡ። በኬብል ከሆነ ኬብሉን ይለውጡ። ይህም ካልረዳ ስታርት ሜኑ ላይ «ሰርቪስስ» ብለው ፈልገው ከፍተው «ዲኤችሲፒ ክላየንት» (ከራውተሩ አድራሻ የሚጠይቀው) የሚለው «ራኒንግ» መሆኑን ያረጋግጡ።

አይፒው ደህና ይመስላል፣ ጌትዌዩ ግን አይመልስም

ቀድሞ በእጅ የገባ ቋሚ አድራሻ ሳይነሳ ሲቀር የሚመጣ ነው። ኮምፒውተሩ 192.168.1.50 ተብሎ ተቆልፎ አዲሱ ራውተር 192.168.0.1 ከሆነ፣ ሰብኔት ማስኩ (የትኞቹ አድራሻዎች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ እንደሆኑ የሚወስነው ቁጥር) 255.255.255.0 እስከሆነ ድረስ ሁለቱ አይተያዩም። ዊንዶው ምልክት ያለበትን ቁልፍና አር ን አንድ ላይ ተጭነው «ኤንሲፒኤ ነጥብ ሲፒኤል» ያለ ክፍተት ይጻፉ (ነጥቡ በምልክቱ ነው) እና ኢንተር ይምቱ። የሚጠቀሙበትን አዳፕተር (ዋይፋይ ወይም ኬብል) ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አይፒቪ4፣ እንደገና ፕሮፐርቲስ፤ ሁለቱንም ምርጫ «አውቶማቲካሊ» ወደሚለው ይመልሱ። ለፕሪንተር ወይም ለካሜራ ሲባል ቋሚ አድራሻ የግድ ካስፈለገ ራውተሩ ላይ ማስያዝ ይሻላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከተቆለፈ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለሌላ መሣሪያ ሊሰጠው ይችላል፣ ያኔ ሁለቱም ይቆራረጣሉ።

ቁጥሩ ይመልሳል፣ ስሙ አይገኝም

«አይፒኮንፊግ ስላሽ ፍለሽዲኤንኤስ» የተከማቸውን አሮጌ መልስ ያጠፋል። ካልበቃ፣ እዚያው የአይፒቪ4 መስኮት ላይ ዲኤንኤሱን በእጅ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 አድርገው ይሞክሩ። በዚህ ከሠራ ጥፋቱ ቀድሞ የነበረው ዲኤንኤስ ነው።

አንድ ወይም ሁለት ድረ ገጽ ብቻ እየተመረጠ እምቢ ካለ «ሆስትስ» የተባለውን ፋይል ይመልከቱ። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ በሚለው መንገድ ይገኛል፤ ኖትፓድን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው ያንብቡት። በነበረበት ሁኔታ ሁሉም መስመር በ# ይጀምራል። # የሌለውና እርስዎ ወይም የሚያውቁት ፕሮግራም ያላስገባው መስመር ካለ ይሰረዝ።

ፒንግ ሁሉ ይሠራል፣ ብሮውዘሩ ግን አይከፍትም

ሪሴት በከንቱ የሚባክነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ፒንግ በፕሮክሲ በኩል አያልፍም፤ ብሮውዘር ግን ያልፋል። አንዳንድ ቪፒኤን፣ የማስታወቂያ ማገጃና ቫይረስ የብሮውዘሩን ትራፊክ ኮምፒውተሩ ላይ በሚሠራ የራሳቸው ፕሮክሲ ያዞሩታል፤ ፕሮግራሙ ሲጠፋ ወይም ሲሰረዝ ሴቲንጉ ይቀራል፣ ብሮውዘሩም የሌለ በር ያንኳኳል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ ውስጥ ይግቡ። «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» በርቶ አድራሻው 127.0.0.1 ከሆነ ያጥፉት። «ሴትአፕ ስክሪፕት» የሚለውንም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ካልሆነ ያጥፉ፤ «አውቶማቲካሊ ዲቴክት» ቢበራ ችግር የለውም። ካጠፉት በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መልሶ ከበራ የሚያበራው ፕሮግራም አሁንም አለ ማለት ነው፤ በአንቲቫይረስ ሙሉ ስካን ያድርጉ፣ የማያውቁትንም ፕሮግራም ያስወግዱ።

ብሮውዘሩ ስለ ሰርተፊኬት ወይም ስለ ደህንነት የሚያስጠነቅቅ ከሆነ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ይዩ። ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባትሪ አልቋል፤ በዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ነው።

ፕሮክሲውም ቀኑም ደህና ከሆኑ ዊንሶክ (ፕሮግራሞች ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኙበት የዊንዶውስ ክፍል) ይቀራል። አንቲቫይረስ በግማሽ ሲነቀል ይበላሻል። «ኔትሽ ዊንሶክ ሪሴት»፣ ቀጥሎ «ኔትሽ ኢንት አይፒ ሪሴት» ይበሉና ሪስታርት ያድርጉ (ኔትሽ በኤን፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤስ፣ ኤች ይጻፋል)። ሪስታርት ሳይደረግ ለውጡ አይሠራም። ሁለተኛው ትእዛዝ በእጅ የገባ አይፒን ስለሚያጠፋ አስቀድመው ይመዝግቡት።

የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ ጠፍቷል

ኤርፕሌን ሞድ አለመብራቱን ካዩ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ኔትወርክ አዳፕተርስ»ን ይክፈቱ። ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት ካለበት ተዘግቷል፣ «ኢኔብል» ይበሉት። አዳፕተሩን ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉ ኮድ 28 ካሳየ ድራይቨር (ዊንዶውስ መሣሪያውን የሚያሠራበት ፕሮግራም) የለም ማለት ነው። ኮድ 10 ከአፕዴት በኋላ የመጣ ከሆነ «ሮል ባክ ድራይቨር» ይሞክሩ። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ከሌለ ስልክዎን በዩኤስቢ ሰክተው «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያጋራውን) ያብሩ።

ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነቃ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ በአዳፕተሩ ፕሮፐርቲስ «ፓወር ማኔጅመንት» ውስጥ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ይህ ገጽ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አይገኝም።

ሪሴት፣ ሁሉም ካልሆነ

የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ካላስታወሱ መጀመሪያ ያውጡት፦ «ኔትሽ ውላን ሾው ፕሮፋይል ኔም=የዋይፋዩ ስም ኪ=ክሊር»። ውላን በደብሊው፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤን ይጻፋል፤ የዋይፋዩ ስም ክፍተት ካለው በትእምርተ ጥቅስ ይከበባል። ቃሉ «ኪ ኮንተንት» ከሚለው ጎን ይወጣል። ከዚያ ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ሪሴት፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ቁልፉ «ስታተስ» ገጽ ግርጌ ነው። ኮምፒውተሩ ከ5 ደቂቃ በኋላ ራሱ ስለሚነሳ የተከፈተ ሥራ ያስቀምጡ።

ሲመለስ የቤቱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ ፕሪንተር ወይም የተጋራ ፎልደር ከጠፋ «ፕራይቬት» ያድርጉት። ቪፒኤኑም እንደገና መጫን ሊያስፈልገው ይችላል። ከሪሴት በኋላም ካልሠራ በዩኤስቢ ቴዘሪንግ ይሞክሩ፦ በስልኩ ኢንተርኔት ከገባ ዊንዶውሱ ደህና ነው፣ የሚቀረው የዋይፋይ ካርዱን መለወጥ ወይም ራውተሩ ላይ ይህ ኮምፒውተር ታግዶ እንደሆነ ማየት ነው።