የጉበት ካንሰርን ቀጣይ ሂደት በጂን ሲገምቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ይህ ጂን በጉበት ዕጢ ውስጥ በብዛት ሲሠራ ታማሚው ቶሎ ይሞታል" የሚሉ ጥናቶች በየጊዜው ይወጣሉ። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ ሳይደርሱ ይረሳሉ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአሠራር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመቁረጫ ነጥብ አመራረጥ ነው። ታማሚዎቹ የጂኑ መጠን "ከፍ ያለ" እና "ዝቅ ያለ" ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ። ኮምፒውተሩ ነጥቡን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ የሁለቱን ቡድኖች በሕይወት መቆየት የሚያሳዩት መስመሮች በጣም የተራራቁበትን ይመርጣል። ከዚያ ፒ ቫሊዩው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) አንዴ ብቻ እንደተሞከረ ሆኖ ይጻፋል። ያን ሁሉ ሞክሮ አንዱ ቢሳካ ምን ይገርማል? ነጥቡን ውጤቱን ሳያዩ ይወስኑ። የተሻለው ግን ጭራሽ አለመክፈል ነው። የጂኑን መጠን እንዳለ የስታቲስቲክስ ሞዴሉ ውስጥ ያስገቡት።

የጂኖቹ ብዛትም ያሳስታል። ሰው ፕሮቲን የሚያሠሩ 20,000 ገደማ ጂኖች አሉት። ሁሉንም በ0.05 የፒ ቫሊዩ ወሰን ቢፈትሹ፣ አንዳቸውም ታማሚው በሕይወት ከሚቆይበት ጊዜ ጋር ባይገናኙ እንኳ 1,000 ያህሉ በአጋጣሚ "ጠቋሚ" ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ለብዛቱ ማረም ያስፈልጋል። ቲሲጂኤ በተባለው የካንሰር ጂኖም መረጃ ላይ ያገኙትንም እዚያው መልሶ መፈተሽ ማረጋገጫ አይሆንም። ሌላ ቦታ የታከሙ ሌሎች ታማሚዎች ይፈልጉ።

ጉበት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሲሮሲስም (የጉበት መጠጠርና መጠባሰስ) አለባቸው። አንዱ በዕጢው፣ ሌላው በጉበት መድከም ይሞታል። የሞቱን ምክንያት ሳይለዩ ጂኑን ታማሚው በሕይወት ከሚቆይበት ጊዜ ጋር ካያያዙ፣ የቱን እንደለኩ አይታወቅም። የቻይልድ ፒው ደረጃ (ጉበቱ ምን ያህል እንደደከመ የሚያሳይ መለኪያ)፣ የዕጢው መጠንና ብዛት፣ ወደ ደም ሥር መግባቱ፣ አልፋ ፌቶፕሮቲን (በጉበት ካንሰር ጊዜ ደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን)፣ ሁሉም አብረው ይታዩ። ከእነሱ በላይ የሚጨምረው ነገር የሌለው ጂን ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

ከዕጢው አጠገብ ያለውን ጉበት "ጤናማ" ብሎ ማለፍም ትልቅ ስህተት ነው። በ2008 ዩጂን ሆሺዳና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ታማሚዎቹ በሕይወት ከሚቆዩበት ጊዜ ጋር የተያያዘው የ186 ጂኖች ስብስብ የተገኘው ዕጢው ውስጥ አልነበረም። ዙሪያውን ካለው ጉበት ነው። ለምን ቢሉ፣ ዕጢው ተቆርጦ ቢወጣም የተጎዳው ጉበት እዚያው ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላም አዲስ ዕጢ ሊያበቅል ይችላል። በጣም የምወደው ውጤት ነው፤ ሁሉም ሰው ዕጢውን ብቻ ሲያይ እነሱ ዙሪያውን አዩ።

የላብራቶሪውን ነገር ባጭሩ፦ ጋፕዲኤች የተባለው ጂን እንደ ቋሚ መለኪያ ይወሰዳል፤ በጉበት ካንሰር ግን እሱ ራሱ ሊጨምር ይችላል። ከአንድ በላይ ማነጻጸሪያ ይጠቀሙ። አርኤንኤው (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) በዛ ማለትም ፕሮቲኑ በዛ ማለት አይደለም።

በመጨረሻም፣ ጂኑ ታማሚው ምን ያህል እንደሚቆይ ስላመለከተ ብቻ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለት ያሳያል ብለው አይጻፉ። ለዚህኛው መድኃኒቱን የወሰዱና ያልወሰዱ ታማሚዎች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። የመድኃኒቱ ጥቅምም እንደ ጂኑ መጠን መለያየቱ መፈተሽ አለበት።